ጥራት፣ የሠራተኛ ደህንነትና የአካባቢ እንክብካቤ በአንድ ሥርዓት፤ ከጉና ግርጌ ላሉ ድርጅቶች

የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የደቡብ ጎንደር ዞን ከፍተኛው ሥፍራ ነው። የዞኑ ርዕሰ ከተማ ደብረ ታቦር በዚሁ ተራራ አካባቢ የተቆረቆረች ስትሆን፣ ርብና ጉማራ ወንዞችም ከጉና ከፍተኛ ቦታዎች ተነስተው የፎገራን ሜዳ በማቋረጥ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ሁለቱ ወንዞች ከግልገል ዓባይና ከመገጭ ጋር በመሆን ለሐይቁ ዋና የውሃ ምንጭ ናቸው።

በዚህ የውሃ ተፋሰስ ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ድርጅት፣ የሩዝ መፈልፈያም ይሁን የእንጨትና የብረታ ብረት ወርክሾፕ ወይም የግንባታ ተቋራጭ፣ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል። የመጀመሪያው ለገበያ የሚያቀርበው ምርት ገዢው በሚፈልገው ደረጃ ላይ ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው በጠዋት እንደገባ ማታ በጤና ወደ ቤቱ ይመለሳል ወይ የሚል ሲሆን፣ ሦስተኛው ደግሞ ከድርጅቱ የሚወጣው ጭስ፣ አቧራ፣ ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ በጎረቤትና በወንዝ ላይ ምን ያደርሳል የሚል ነው።

በብዙ ድርጅቶች ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት ለየብቻ ነው። ጥራት የምርት ክፍሉ፣ ደህንነት የአስተዳደር ክፍሉ፣ አካባቢ ደግሞ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ የሚታወስ ጉዳይ ሆኖ ይቆያል። በሥራ አመራር ዘርፍ ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት የዳበረው የተቀናጀ የሥራ አመራር ሥርዓት ግን ሦስቱ ጥያቄዎች በአንድ ዕቅድ፣ በአንድ መዝገብና በአንድ ኃላፊ አመራር ሥር እንዲመለሱ የሚጠይቅ ነው።

ከጋፋት የተገኘ ትምህርት

ደቡብ ጎንደር ለፋብሪካ ሥራ እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሠፍረው ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር መሣሪያ እንዲያመርቱ አድርገዋል። ሴባስቶፖል የተባለውና ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት መድፍ የተሠራው በዚሁ ሥፍራ ሲሆን፣ በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከተደረገው ውጊያ በፊት በብዙ ሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ ደርሷል።

የብረታ ብረት ቀለጣ ሦስቱ ጉዳዮች እንዴት እንደተሳሰሩ ጎልቶ የሚታይበት ሙያ ነው። የቀለጠ ብረት የሚፈስበት ቅርጽ በሚገባ ካልደረቀ በውስጡ ያለው እርጥበት በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። በዚህም የተነሳ መድፉ ቀዳዳ የበዛበትና ደካማ ይሆናል። ይኸው እንፋሎት የቀለጠውን ብረት ወደ ላይ በመርጨት በአጠገቡ የቆመውን ሠራተኛ ያቃጥላል። ሥራው ተበላሽቶ እንደገና ሲጀመር ደግሞ ሌላ ማገዶና ከሰል ስለሚያስፈልግ ጉዳቱ ወደ ደኑ ይሻገራል።

አንድ ጉድለት ሦስት ጉዳት ያስከተለበት፣ አንድ ጥንቃቄም ሦስቱንም ሊያስቀር ይችል የነበረበት ይህ ምሳሌ ለዛሬ ድርጅቶችም ይሠራል። ቅርጹን ማድረቅ ጥራትን የማስጠበቅ፣ ሠራተኛን ከአደጋ የመጠበቅና ሀብትን የመቆጠብ ተግባር በአንድ ጊዜ ነው።

ሦስቱ ደረጃዎች እንዴት መጡ?

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይ.ኤስ.ኦ 9001 የተሰኘውን የጥራት ሥራ አመራር ሥርዓት ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ደረጃው በ1994፣ በ2000፣ በ2008 እና በ2015 ተሻሽሏል። ምርቱ ራሱ ምን መምሰል እንዳለበት አይደነግግም፤ የሚደነግገው ድርጅቱ የደንበኛውን ፍላጎት ለይቶ፣ ሥራውን አቅዶ፣ ውጤቱን ለክቶና ስህተቱን አርሞ የሚሄድበትን አሠራር ነው።

የአካባቢ ሥራ አመራር ሥርዓትን የሚመለከተው አይ.ኤስ.ኦ 14001 እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሲሆን በ2004 እና በ2015 ተሻሽሏል። ድርጅቱ በአየር፣ በውሃ፣ በአፈርና በተፈጥሮ ሀብት ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ ለይቶ እንዲቆጣጠር ይጠይቃል።

በሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ረገድ ኦህሳስ 18001 የተባለው ሰነድ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አገልግሏል። ይህ ሰነድ የአይ.ኤስ.ኦ ደረጃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 አይ.ኤስ.ኦ 45001 ከወጣ በኋላ በእርሱ ተተክቶ በ2021 ከአገልግሎት ውጭ ሆኗል።

ሦስቱ ደረጃዎች በተለያየ ዘመን በመውጣታቸው ምዕራፎቻቸውና አጠራራቸው ይለያይ ነበር። በመሆኑም ሦስቱንም ለመተግበር የፈለገ ድርጅት ሦስት መመሪያ፣ ሦስት የሰነድ ቁጥጥርና ሦስት ኦዲት ለማዘጋጀት ይገደድ ነበር። ይህን ችግር ለማቃለል አይ.ኤስ.ኦ እ.ኤ.አ. በ2012 ለሁሉም የሥራ አመራር ሥርዓት ደረጃዎች የሚያገለግል የጋራ መዋቅር አውጥቷል።

መዋቅሩ አሥር ምዕራፎች ያሉት ሲሆን፣ ድርጅቱ መፈጸም ያለበትን የሚዘረዝሩት ከአራተኛው እስከ አሥረኛው ያሉት ናቸው። እነርሱም የድርጅቱ ሁኔታ፣ አመራር፣ ዕቅድ፣ ድጋፍ፣ የሥራ ክንውን፣ የአፈጻጸም ግምገማና መሻሻል ናቸው። ከበስተጀርባቸው ያለው አስተሳሰብ ማቀድ፣ መተግበር፣ መፈተሽና ማስተካከል የሚለው ዑደት ነው። ይህ ዑደት ከአሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዋልተር ሺውሃርት ሐሳብ የመነጨና በኤድዋርድስ ዴሚንግ አማካኝነት በጃፓን ኢንዱስትሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

የሚያገናኛቸውና የሚለያቸው

ሦስቱን ሥርዓቶች አንድ የሚያደርጓቸው ጉዳዮች በርካታ ናቸው። የአመራር ፖሊሲ፣ የሠራተኛ ሥልጠና፣ የሰነድና የመዝገብ አያያዝ፣ የውስጥ ኦዲት፣ የማስተካከያ እርምጃና የአመራር ግምገማ በሦስቱም ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህን በአንድ አሠራር ማከናወን የወረቀት ብዛትንና የኦዲት ወጪን ይቀንሳል።

ልዩነታቸው የሚታየው ተጠቃሚው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ጥራት የሚጠብቀው ደንበኛውን ሲሆን ደህንነት የሚጠብቀው ሠራተኛውን ነው። የአካባቢ እንክብካቤ ደግሞ በድርጅቱ አጥር ውጪ ያለውን ኅብረተሰብና ገና ያልተወለደውን ትውልድ ይመለከታል። በእነዚህ ወገኖች መካከል የድምፅ ልዩነት አለ። ደንበኛ ቅር ሲሰኝ ዕቃውን ይመልሳል ወይም ገንዘቡን ይዞ ወደ ሌላ ይሄዳል፤ ድምፁም በዚያው ዕለት ይሰማል። የቀን ሠራተኛው እንጀራውን ላለማጣት ሳሉን ችሎ ዝም ሊል ይችላል። በወንዙ ታችኛው ክፍል ያለው አርሶ አደር ደግሞ ውሃው ከየት እንደተበከለ ላያውቅ ይችላል።

ስለዚህ ሥርዓቱን ማቀናጀት ዋና ጥቅሙ ድምፃቸው የማይሰማው ሁለቱ ወገኖች ከደንበኛው እኩል በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲታዩ ማድረጉ ነው። በአንጻሩ ቅንጅቱ በስም ብቻ ከሆነ ጥራት ሌሎቹን ሁለቱን ሊውጣቸው እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል።

ለየብቻ የሚወሰድ መፍትሔ ችግርን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እንደሚያዛውርም ልብ ማለት ይገባል። በወርክሾፕ ውስጥ ያለውን አቧራ በአየር መሳቢያ ወደ ውጭ መግፋት ሠራተኛውን ያሳርፋል፤ ማጣሪያ ከሌለው ግን አቧራውን በጎረቤት ቤት ላይ ይበትናል። አቧራው እንዳይነሳ ወለሉን ውሃ መርጨት ደግሞ እህሉን ለእርጥበትና ለሻጋታ ያጋልጣል። መስኮት መዝጋት ንጽሕናን ቢያስጠብቅም በውስጥ ያለውን ሰው ያፍናል።

የፎገራ ሩዝ እንደ ማሳያ

በደቡብ ጎንደር ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ማሳያ በወረታና በአካባቢዋ የተስፋፋው የሩዝ ማቀነባበር ሥራ ነው። ሩዝ በፎገራ ሜዳ መለመድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲሆን፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ለመስፋፋቱ አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይታወቃል። በአካባቢው የታወቀው ኤክስ ጅግና የተሰኘው ዝርያ ስያሜውን ያገኘው በዞኑ ካለችው ጅግና ነው። ዛሬ ሩዝ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ ለእንጀራ የሚውል፣ ለጠላና ለዳቦም የሚሆን የአካባቢው ዋነኛ ሰብል ሆኗል። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው በዚሁ በፎገራ ነው።

ያልተፈለፈለ 100 ኪሎ ግራም ሩዝ በጥሩ መሣሪያ ሲፈለፈል በግምት 70 ኪሎ ግራም ያህል ንጹሕ ሩዝ፣ 20 ኪሎ ግራም ገለፈትና 10 ኪሎ ግራም ያህል ብጣሪ ይወጣዋል። በአሮጌና በአግባቡ ባልተስተካከለ መሣሪያ የሚገኘው ሩዝ ከዚህ ያነሰ ሲሆን፣ ከእርሱም ብዙው የተሰባበረ ይሆናል። የተሰባበረ ሩዝ ከሙሉው ባነሰ ዋጋ ስለሚሸጥ ኪሳራው የባለድርጅቱ ብቻ ሳይሆን የአርሶ አደሩም ነው።

የጥራቱ ጉዳይ የሚጀምረው ከመፈልፈያው በፊት ነው። ለመፈልፈል ተስማሚ የሚባለው የእርጥበት መጠን 14 በመቶ አካባቢ ነው። ሩዝ ከዚህ በላይ እርጥብ ሲሆን ይደቃል፤ በኃይለኛ ፀሐይ በፍጥነት ሲደርቅ ደግሞ በውስጡ ተሰንጥቆ በመፈልፈያው ውስጥ ይሰበራል። እህልን በአስፋልት ዳር ማስጣት የሦስቱን ጉዳዮች ግንኙነት በግልጽ ያሳያል። አስፋልቱ እህሉን ያለመጠን ያግለዋል፣ ጠጠርና የተሽከርካሪ ዘይት ይቀላቅልበታል። የሚያገላብጡትን ሰዎችና አሽከርካሪዎችን ለአደጋ ያጋልጣል። የተበተነው እህልና ገለፈትም በዝናብ ተጠርጎ ወደ ቦይ ይገባል። ሸራ ዘርግቶ በተከለለ ቦታ ማስጣት ሦስቱንም ችግሮች በአንድ ጊዜ ያቃልላል።

ከመፈልፈያው ውስጥ ያለው ሁኔታም እንዲሁ ነው። የሩዝ ገለፈት ሲሊካ የተባለውን ማዕድን በብዛት ስለሚይዝ አቧራው ዓይንን፣ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ይጎዳል። የመሣሪያው ድምፅ በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ውስጥ በስፋት እንደ ወሰን ከሚወሰደው 85 ዴሲቤል ሲበልጥ ቀስ በቀስ የመስማት ችሎታን ይቀንሳል። ያልተሸፈነ ቺንጋና ፑሊ ደግሞ ልብስን፣ ነጠላንና እጅን የሚስብ አደገኛ ክፍል ነው።

የላላ ቺንጋን ጉዳይ ብቻ ነጥሎ ማየት ይቻላል። ቺንጋው ሲላላ መፈልፈያው እኩል ስለማይዞር የተሰባበረው ሩዝ ይበዛል። ሠራተኛው ሞተሩን ሳያጠፋ ሊያስተካክለው ሲሞክር እጁ ለአደጋ ይጋለጣል። ሞተሩም ለአንድ ኩንታል የሚያቃጥለው ነዳጅ ወይም ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ሦስት ክፍሎች ቢሆኑ ሦስት ሪፖርት የሚጽፉበት ይህ ጉዳይ በተቀናጀው ሥርዓት አንድ ጉድለት ሆኖ ይመዘገባል። መፍትሔውም የቺንጋ ፍተሻ ጊዜ ሰሌዳ፣ የብረት መሸፈኛና ሞተር ሳይጠፋ አይነካም የሚል አንድ ደንብ ይሆናል።

የጭነት ሥራውም የሚታይ ነው። በኢትዮጵያ የተለመደው ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ሲሆን ጫኝና አውራጅ ሠራተኞች በጀርባቸው ይሸከሙታል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ የተፈቀደው ሸክም ከ55 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ከሆነ እንዲቀንስ እርምጃ ሊወሰድ እንደሚገባ አመልክቷል። ማሸጊያውን ወደ 50 ኪሎ ግራም ዝቅ ማድረግ ወገብን ከማዳኑም በላይ ከረጢት ተቀዶ የሚፈሰውን እህል ይቀንሳል፤ ለቸርቻሪውም ሚዛኑን ለማረጋገጥ ያመቻል።

ገለፈቱን በተመለከተ በሜዳ ከምሮ ማቃጠል ጭሱን ወደ ከተማው፣ አመዱን ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ በእንቦጭ አረም የተፈተነ ሐይቅ ነው። ወደ ሐይቁ የሚገባ ደለልና ንጥረ ነገር ለአረሙ እንደሚመቸው ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ገለፈት ግን ከቆሻሻነት ይልቅ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል ተረፈ ምርት ነው። ተጨምቆ ማገዶ፣ ለዶሮ እርባታ ጉዝጓዝ፣ ለሸክላ ጡብ ምድጃ ነዳጅ መሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን የአካባቢ ወጪ የነበረው የገቢ ምንጭ ይሆናል።

የርብ ግድብና የግንባታ ዘርፍ

በዞኑ ሦስቱ ጉዳዮች በትልቅ መጠን የተገናኙበት ሌላው ሥራ የርብ መስኖ ግድብ ነው። በዓለም ባንክ በተደገፈው ፕሮጀክት የተገነባው ይህ ግድብ 73 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም እንዲኖረው ታቅዶ የተሠራ ነው።

በአፈርና በድንጋይ ሙሌት በሚሠራ ግድብ የእያንዳንዱ ንብርብር ጥቅጠቃ መለካት የጥራት ጉዳይ ነው። ይኸው ልኬት ግን በግድቡ ሥር ለሚኖረው ሕዝብ የደህንነት ዋስትና ጭምር ነው። የድንጋይ ካባ ፍንዳታ፣ የከባድ ተሽከርካሪዎች እንቅስቃሴና የቁፋሮ ሥራ የሠራተኛውን ሕይወት ይመለከታሉ። የአፈር ክለላ፣ የደለል ቁጥጥርና ከቦታቸው የሚነሱ ነዋሪዎች ጉዳይ ደግሞ የአካባቢና የማኅበራዊ ጥበቃ ክፍል ናቸው። ዓለም አቀፍ አበዳሪዎች እነዚህን ጉዳዮች በውል ውስጥ በማስገባታቸው በአገሪቱ ያሉ ተቋራጮች ለሦስቱም የሚሆን ዕቅድ ማዘጋጀትን ለምደዋል። ይህ ልምድ በከተማ ውስጥ ባሉ ሕንፃዎችና በመንገድ ሥራዎች ላይም ሊሠራበት የሚገባ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የዓለም አቀፍ ደረጃዎች ትግበራ በድርጅቱ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ቢሆንም በርካታ ይዘቶቻቸው በአገሪቱ ሕግ ግዴታ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያስከትል የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ሲደነግግ፣ በአንቀጽ 44 ደግሞ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይገልጻል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሊወስዳቸው የሚገቡ የጥንቃቄ እርምጃዎችን ዘርዝሯል። ከእነዚህም መካከል ስለ ሥራው አደጋ ለሠራተኛው ማሳወቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያና አልባሳት ማቅረብና በሥራ ላይ የደረሱ አደጋዎችን መዝግቦ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ ይገኙበታል። ቀጣዩ አንቀጽ 93 በበኩሉ ሠራተኛው መሣሪያዎቹን በአግባቡ የመጠቀምና አደጋ ሊያስከትል የሚችል ጉድለት ሲያይ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ያመለክታል።

ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 እ.ኤ.አ. በ1991 ተቀብላ አጽድቃለች። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2022 ባካሄደው ጉባኤ ደህንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ እንዲሆን ወስኗል።

በአካባቢ ረገድ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረታዊ ሕጎች ናቸው። የመጀመሪያው ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት እንዲጠና የሚያስገድድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በካይ የሆነ አካል ብክለቱን እንዲያቆምና እንዲያጸዳ የሚያደርግ ነው።

ሥራውን ከየት መጀመር ይቻላል?

አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ሥርዓቱን ለመጀመር የግድ የምስክር ወረቀት ማግኘት አይጠበቅባቸውም። ቀጥሎ የተመለከቱት እርምጃዎች በጥቂት ሠራተኞች ለሚንቀሳቀስ ድርጅትም የሚሆኑ ናቸው።

በመጀመሪያ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ሦስቱን ጉዳዮች የሚያካትት አጭር የጽሑፍ ቃል ያወጣል። ቃሉ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ፣ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ የተጻፈና በሥራ ቦታው የተለጠፈ ሊሆን ይገባል።

ቀጥሎ ጥሬ ዕቃ ከሚገባበት በር አንስቶ ምርት እስከሚወጣበት ድረስ ያለውን የሥራ ሂደት ከሠራተኞች ጋር እየተዘዋወሩ መመልከት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ምርቱን ምን ሊያበላሽ ይችላል፣ ሰውን ምን ሊጎዳ ይችላል፣ ወደ ውጭስ ምን ይወጣል የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ተጠይቀው መልሳቸው በአንድ ሰንጠረዥ ይሰፍራል።

በሦስተኛ ደረጃ ከተለዩት ችግሮች መካከል ከባድና ተደጋጋሚ የሆኑት ይመረጣሉ። መፍትሔ ሲፈለግ ደረጃውን የጠበቀ ቅደም ተከተል አለ። በቅድሚያ አደጋውን ከሥሩ ማስወገድ፣ ካልተቻለ አደጋው ባነሰ ነገር መተካት፣ ቀጥሎ በመሸፈኛና በማጣሪያ መከለል፣ ከዚያም የአሠራር ደንብና ሥልጠና ማውጣት፣ በመጨረሻም ጓንት፣ ጭምብልና የጆሮ መከላከያ መስጠት ነው። ብዙ ድርጅቶች ከመጨረሻው በመጀመር ጭምብል አድለው ሥራው እንዳለቀ ይቆጥራሉ፤ ይህ ሊታረም የሚገባው አሠራር ነው።

አራተኛው እርምጃ መመዝገብ ነው። የተመለሰ ዕቃ፣ የደረሰ ወይም ለጥቂት የተረፈ አደጋ እንዲሁም የፈሰሰ ዘይት ወይም የጎረቤት አቤቱታ በአንድ መዝገብ ይጻፋሉ። በመዝገቡ ላይ ምክንያቱ፣ የተወሰደው እርምጃ፣ ኃላፊው ሰውና የሚያልቅበት ቀን ይሰፍራል። አደጋን ያሳወቀ ሠራተኛ እንደማይቀጣ በግልጽ ካልተነገረ መዝገቡ ባዶ ሆኖ እንደሚቀር መታወቅ አለበት።

በመጨረሻም በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ መዝገቡ ይገመገማል። የተሰባበረ ሩዝ መጠን፣ የአደጋ ቁጥርና ለአንድ ኩንታል የዋለው ነዳጅ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በመካከላቸው ያለው ግንኙነት በቀላሉ ይታያል።

የካይዘን መንገድ

በኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ መንገድ የጠረገው የጃፓኑ የካይዘን ፍልስፍና ነው። ከጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ጋር በ30 ድርጅቶች የተካሄደውን የሙከራ ትግበራ ተከትሎ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ተቋቁሟል። በአገሪቱ ሠራተኞች ዘንድ አምስቱ ማዎች በመባል የሚታወቁት ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ሲሆኑ በትንሽ ወጪ የሚጀመሩ ናቸው።

መሣሪያ በቦታው ሲቀመጥ ለፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ይቀንሳል፤ ሰው በወለል ላይ በተጣለ ብረት አይሰናከልም፤ ያለአግባብ የሚጣል ቁሳቁስም ያንሳል። በመሆኑም ካይዘንን የጀመረ ድርጅት ለተቀናጀው ሥርዓት የሚያስፈልገውን ልማድ አስቀድሞ አግኝቷል ማለት ይቻላል። አምስተኛው ማዝለቅ ግን ከሁሉም የሚከብደው በመሆኑ ከአመራሩ የማያቋርጥ ክትትል ይጠይቃል።

የምስክር ወረቀትና የሥራው እውነታ

የምስክር ወረቀት ለሚፈልጉ ድርጅቶች በአገር ውስጥ ተቋማት አሉ። ቀድሞ የኢትዮጵያ የጥራትና ደረጃዎች ባለሥልጣን በሚል ስያሜ በአንድ ተቋም ሥር የነበረው ሥራ በ2003 ዓ.ም. በአራት ተከፍሏል። በዚህም መሠረት ደረጃ ማውጣት፣ የተስማሚነት ምዘና፣ ሥነ-ልክና አክሬዲቴሽን የየራሳቸው ተቋም አግኝተዋል። ክፍፍሉ ያስፈለገው ደረጃ የሚያወጣው፣ የሚመዝነውና ለመዛኙ ዕውቅና የሚሰጠው አካል አንድ እንዳይሆን ነው።

ሆኖም የምስክር ወረቀት በራሱ ሕይወትን እንደማያድን የዓለም ተሞክሮ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 በፓኪስታን ካራቺ በአንድ የልብስ ፋብሪካ በተነሳ እሳት ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞተዋል። ፋብሪካው የማኅበራዊ ኃላፊነት የምስክር ወረቀት ያገኘው አደጋው ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ 1 ሺህ 134 ሰዎች ሲሞቱ፣ በውስጡ የነበሩ ፋብሪካዎች ለዓለም አቀፍ ገዢዎች የሚያመርቱ ነበሩ። በሕንፃው ላይ ስንጥቅ የታየው ከአንድ ቀን በፊት ሲሆን ሠራተኞቹ በማግስቱ ወደ ሥራ እንዲገቡ ተደርገዋል።

በራና ፕላዛ የልብሱ ስፌት ይመረመር ነበር፤ የማስረከቢያ ቀኑም ክትትል ይደረግበት ነበር። ስንጥቁን አይቶ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ግን አልነበረም። የተቀናጀ ሥርዓት ፋይዳው የሚለካውም በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ትዕዛዝ በተጣበበበት፣ ገዢ በር ላይ በቆመበት ሰዓት አንድ የመፈልፈያ ሠራተኛ አደጋ አይቶ ሞተሩን ቢያጠፋ ከደመወዙ የማይቀነስበት ከሆነ ሥርዓቱ እየሠራ ነው ሊባል ይችላል። የሚቀነስበት ከሆነ ግን በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወረቀት ጌጥ ብቻ ይሆናል።

በአገር ውስጥም ጅምሮች ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ ጥቅም ላይ እንዲያውል ተደርጎ መገንባቱ የአካባቢ ጉዳይ ከፋብሪካው ዲዛይን ጀምሮ ሊታሰብበት እንደሚችል አሳይቷል። ለትልልቅ ፓርኮች የተቻለው ለወረታና ለደብረ ታቦር አነስተኛ ድርጅቶች በየአቅማቸው፣ በተለይም በጋራ ማድረቂያ ሥፍራ፣ በጋራ የገለፈት ማከማቻና በጋራ ሥልጠና ሊጀመር ይችላል።

በዞኑ ያሉ የወረዳና የከተማ አስተዳደር ጽሕፈት ቤቶች፣ የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ ድርሻ አላቸው። ተቆጣጣሪዎቹ ለየብቻ ከመሄድ ይልቅ በአንድ ጊዜ ወደ ድርጅቱ ቢሄዱ፣ ባለድርጅቱም ሦስት የተለያዩ ትዕዛዞች ከመቀበል ይድናል። ርብና ጉማራ በየዓመቱ ክረምት ከጉና የተሸከሙትን ሁሉ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ያደርሳሉ። በመንገዳቸው ላይ ያሉት ድርጅቶች የሚጨምሩበት ነገር ምን እንደሆነ የሚወሰነው ግን በየመፈልፈያውና በየወርክሾፑ ውስጥ በየዕለቱ በሚከናወነው ሥራ ነው።